የሱቁ ኢሜይል

ኮምቦልቻ ላይ ከኔ እጅ ስልክ የገዛ ሰው ሁሉ ያለው ኢሜይል አንድ ነው። ገበሬው፣ ሹፌሩ፣ የፋብሪካዋ ሠራተኛ፣ የመድረሳው ኡስታዝ፣ ሁሉም ስልካቸው የሚሠራው በዚያችው ባንዲት ኢሜይል ነው፣ አንዳቸውም ግን አያውቁም።

አዲስ ስልክ ከካርቶኑ ወጥቶ ሲበራ መጀመሪያ ኢሜይል አምጣ ይላል። ከኩታበር የመጣ አባወራ ኢሜይል ከየት ያመጣል? አዲስ ልክፈትልህ ስትለው ስልኩ የትውልድ ቀን ይጠይቀዋል፤ እሱ የሚያውቀው በአጨዳ ሰሞን መወለዱን ነው። የይለፍ ቃል ምረጥ ይለዋል፤ ከሱቁ በር ሳይወጣ ይረሳዋል። ማረጋገጫ ቁጥር ልኬልሃለሁ ይላል፤ ኔትወርክ የለም፣ ቁጥሩ ሳይመጣ መኪናው ይሄድበታል። ስለዚህ የሱቁ ባለቤት ሥራ በጀመርኩ ቀን አንዲት ኢሜይል ከነይለፍ ቃሏ በካርቶን ቁራጭ ጽፎ መስተዋቱ ጎን ለጠፈልኝ። ለሁሉም ይቺን አስገባ፣ ከጣጣ ትገላገላለህ አለኝ። አስገባሁ። በሁለት አውራ ጣቴ፣ ሳላይ፣ እያወራሁ። አቤት ፍጥነት ይሉኝ ነበር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ከአስረኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው በሌላ በምን ይመሰገናል?

ምንድን ናት ይቺ ብሎ የጠየቀ ካለ፣ ስልክህ ቢጠፋ ፎቶህ በሷ ይመለሳል እለዋለሁ። ውሸት አይደለም። ፎቶው በዳታ እየሄደ ሌላ ቦታ ይቀመጣል፣ እውነት ነው። የማይነገረው ሌላ ነው። ያ ማስቀመጫ በነጻ ሲሰጥ ለአንድ ሰው የተለካ ጎተራ ነው፤ እኛ የወረዳ እህል ገለበጥንበት። ሲሞላ ደግሞ አይጮህም። ዝም ብሎ መቀበሉን ያቆማል። የስልኩ ማስታወቂያ ላይ አንዲት ሳቂታ ሴት ስልኳ ባሕር ውስጥ ይወድቅባትና አዲስ ስልክ ከፍታ ፎቶዎቿ ሁሉ ተመልሰው ሲመጡ ትፍለቀለቃለች። የኛን አገር ባሕር የሚወስደው ስልኩን አይደለም፣ ሰውየውን ነው። ለዚያ ማስታወቂያ የሠራ የለም።

ቤታችን ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እየተጠማዘዝኩ ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ። እናቴና ታናሽ ወንድሜ ቤት ይቀራሉ። ለናቴ ርካሹን ስልክ አምጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷም እንደሌላው ሰው የሱቁ ኢሜይል ገባላት፣ ለእናቴ ብዬ የተለየ ነገር አላደረግኩም።

እናቴ ፎቶ ስታነሳ ራስ ትቆርጣለች። ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ነው የምትይዘው፤ ቢስሚላህ ብላ ትጫነዋለች፣ ከአንገት በታች ይወጣል። ወንድሜ መሳቂያ ያደርጋት ነበር። ኋላ ላይ ስልኩን እየተቀበላት ራሱን በራሱ ማንሳት ጀመረ፣ የሱ ስልክ ካሜራው ተሰባብሮ ነበርና። ሲጨፍር፣ ድስቷን ከፍቶ ሲሰርቅ፣ እሷን ሲያበሽቅ፣ ቪዲዮ ሁሉ ነበረ።

አንድ ቀን የፋብሪካ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ለኔም የነገረኝ ይህንኑ ነው። ለካ በባቲ አድርጎ ወደ ባሕሩ ነው የሄደው። ከሳምንታት በኋላ በማናውቀው ቁጥር ደወለ። ባሕሩ ዳር ነኝ፣ ነገ እንሳፈራለን፣ ዱዓ አድርጉልኝ አለ። እናቴ ተመለስ ልትለው አፏን ስትከፍት ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማንም።

ወራት አለፉ። እናቴ ሱብሂ ከሰገደች በኋላ ቪዲዮዎቹን ትከፍታለች። ድስት ሲሰርቅ ያለውን ደጋግማ ነው የምታየው። ስልኩ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አይገናኝም። ይግላል፣ ይቆማል፣ ሞልቻለሁ ይላል። አንድ ጠዋት ጭራሽ አልነቃነቅ አለ። ሱቅ ወሰድኩት። የኛ መድኃኒት አንድ ነው፣ ፎርማት። ሁሉን ጠርጎ እንደ አዲስ ማስነሳት። በቀን ስንቱን አደርገዋለሁ። ስወጣ እናቴ በሩ ድረስ ተከትላኝ፣ የልጄ ፎቶስ አለችኝ። አብሽሪ እማ፣ ተቀምጧል አልኳት። ከፍቼ አላየሁም። የሌላውን ሰው ስልክ ስጠርግ መቼ አይቼ አውቃለሁ? ጠረግኩት። ስልኩ ነፍስ ዘራ፣ ፈጠነ። ማታ ስሰጣት መርቃኛለች፣ ወላሂ መርቃኛለች። ቪዲዮዎቹን ስትጠይቀኝ ዳታው ሲበረታ ይመጣሉ አልኳት።

በዚያው ወር አንድ ከስደት የተመለሰ ሰው ኮምቦልቻ ዘመዱ ቤት አረፈ ተባለ። በጀልባ ተሻግሮ፣ ታስሮ፣ ተባሮ የመጣ ነው። ልጁ የጠፋበት ሁሉ ስልክ እየያዘ ይሰለፍለታል። እኔም ሄድኩ። የወንድሜን ስም ልነግረው ስል እጁን አነሳ።

"ስም አትንገረኝ። መንገድ ላይ ስሙን ያልቀየረ የለም። እኔ የማውቀው ፊት ነው፣ ፊቱን አሳየኝ።"

ስንት ዓመቱ ይሆናል፣ ከኔ አይበልጥም፤ ግን ሲያይህ ሽማግሌ ነው። ዓርብ ደግሞ ተመልሶ በዚያው መንገድ ሊሄድ ነው። አዎ፣ በዚያው። ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ እዚህ ምን አለ አለ። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ነገ ፎቶውን ይዤ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። እጄ ላይ የነበረችው ለስድስተኛ ክፍል መታወቂያ የተነሳት ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት። እሷንም አሳይቼው፣ ይሄ እኮ ሕፃን ነው ብሎ መልሶልኛል። የቀበሌ መታወቂያውን ይዞ ሄዷል። ፌስቡክ ላይ ራሱን ያደረገው የኳስ ተጫዋች ነው።

ሱቅ ስደርስ አንዲት እናት ከኋላዬ ደረሰች። ሰልፉ ላይ ነበረች። ስልኳን በጨርቅ ጠቅልላ ከጉያዋ አወጣች፤ መስተዋቱ ደቋል፣ ወደ ሕይወት የሚመለስ ዕቃ አይደለም። ከኩታበር ነው የመጣሁት፣ ልጄ ከናንተ ሱቅ ነው የገዛልኝ፣ እሱም በዚያ መንገድ ሄዶ ጠፋ አለችኝ። ፎቶው እዚህ ውስጥ ነው ብላ የሞተውን ስልክ ትጠቁመኛለች። ይቀመጡ እናቴ፣ መጀመሪያ የራሴን ልፈልግ አልኳት። እንግዲህ እንዲህ ነው ያልኳት።

ባለቤቱ ሰው የተገለገለበት ላፕቶፕ ነበረው፣ የሱቁን ኢሜይል በሱ ከፈትኩ። ከዚያ በፊት ውስጧን አይቼ አላውቅም። የሰው ሁሉ ጓዳ ወለል ብሎ ተከፈተ። የሚሸጥ በሬ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ሂና የገባ የሙሽራ እጅ። የሆስፒታል ወረቀት። የመሬት ደብተር፣ ገጽ በገጽ። ፀጉሯን ገልጣ ለባሏ የላከች ሴት፤ እሷን በእጄ ሸፈንኳት፣ ግን አይቻለሁ። አፈርኩ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ቁልፍ ነው ብዬ የሰጠኋቸው በር ይሄ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ግድግዳ ሳይኖረው አንድ ክፍል ውስጥ አስተኝቻቸዋለሁ።

ሴትዮዋ ከትከሻዬ በላይ ታያለች። ድንገት አንጓዬን ያዘችኝ።

"ቁም። አለፍከው።"

"ማንን?"

"ልጄን ነዋ። ወደ ኋላ መልስ።"

መለስኩ። የሱ ባልሆነ ሞተር ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ፊት ለፊት እያየ ይስቃል። ይሄን የመሰለ ጥርት ያለ ፊት በዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ አላየሁም። አልሐምዱሊላህ እያለች ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ አቧራ ያለበት ይመስል።

እኔ መፈለጌን ቀጠልኩ። የቤታችንን በር አገኘሁ። በሩ ላይ የቆመ ሰው አለ፣ ቢጫ ቲሸርት፣ አንድ እጁ ላይ ዳቦ፣ ከአንገት በላይ የለም። እናቴ ያነሳችው። ሌላ አንድ የቤታችን ፎቶ አለ፣ እሱም ድመት ነው። ከዚያ የሰው ሽንኩርት፣ የሰው ጎማ፣ አለቀ። የመጨረሻው ፎቶ ቀኑ ወንድሜ ራሱን ማንሳት ሳይጀምር በፊት ነው። ከላይ በቀይ ማስቀመጫው ሞልቷል ይላል። ያ ቀይ ጽሑፍ ሱቁ ውስጥ ባሉት ስልኮች ሁሉ ላይ ሲወጣ ከርሟል፤ በአውራ ጣቴ ወደ ጎን ስገፋው ከርሜያለሁ። ወንድሜ ድስት የሰረቀበት ቪዲዮ የትም አልሄደም ነበር። ያለው እናቴ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ ጠርጌዋለሁ።

የተጠረገ ነገር ይመለሳል የሚል ልጅ ደሴ ሰኞ ገበያ አለ፤ በዚያው ቀን የናቴን ስልክ ይዤ ሄድኩበት። ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ሲፈልግ ቆየና፣ ምንም የተረፈ የለም፣ ስልኩን ራስህ ነህ ፎርማት ያደረግከው አለኝ። አዎ አልኩት። "ባለሙያ ነህ አሉ" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በጥፊ ነበር የምለው።

ሐሙስ ሴትዮዋና እኔ ሰውየው ጋ ሄድን። የሷን ልጅ ፎቶ እንዳየ ፊቱን አዞረ። ከኔ ጎን ነበር እናቴ አላት። ጀልባው ባሕር ላይ ቀናት እንደቆመ፣ ውሃ እንዳለቀ ነገራት። "ዓይኑን የከደንኩለት እኔ ነኝ" አላት። አልጮኸችም። አላህ ዕድሜ ይስጥህ ብላ እጁን ሳመች።

ከዚያ የኔን አሳየሁት። ቢጫውን ቲሸርት አገላብጦ፣ አስፍቶ አየው። ሊረዳኝ ፈልጎ ነበር፣ ይታያል።

"ከአንገት በታች ሁሉም አንድ ነው ወንድሜ" አለኝ።

ዓርብ ሄደ።

እናቴ አመሻሹ ላይ ስገባ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ሆነ፣ አወረድከው ወይ። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው እማ እላታለሁ። ምላሴ ለዚህ ለዚህ ይፈጥናል። ለሰውየው ላሳየው እንደሆነ ታውቃለች፤ ዓርብ መሄዱን ግን አልነገርኳት። እሷ ሼኹ ጋ ሄዳ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት እንዲያሰግዱላት ጠይቃ ነበር። በጥርጥር አይሰገድም፣ በሕይወት ቢኖርስ አሏት። እውነታቸውን ነው። ግን ቤታችን ውስጥ የሞተም ያለም ሰው የለም። ዘመድ ሊያስተዛዝን አይመጣ፣ ልጅሽ እንዴት ነው ብሎም አይጠይቅ። እሷም አታለቅስም። በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ማልቀስ ሟርት ነው ትላለች።

የኩታበሯ ሴት መርዶ ሰኞ ገበያ ተሰምቶ እናቴ ጆሮ ደረሰ። ልጇ ከልጄ ጋር አንድ መንገድ የሄደ ነው፣ እንዴት አልደርሳትም አለች። ብዙ ሰበብ ደረደርኩ፣ አልሰማችኝም። አብረን ሄድን።

ለቅሶ ቤቱ ግቢ ዳስ ተጥሏል፣ ሶላቱ ተሰግዷል፣ ሼኾቹ ቁርኣን ይቀራሉ፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ገና ስታየኝ ተነስታ መጥታ አቀፈችኝ። ለተቀመጡት ሁሉ እያሳየች፣ የልጄን ፊት ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ፈልጎ ያወጣልኝ ይሄ ልጅ ነው፣ ቁርጤን ያሳወቀኝ እሱ ነው፣ አላህ ይካሰው አለች። እናቴ ጎኔ ቆማለች።

"የሷን ከየት አገኘኸው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ከሱቁ ኢሜይል።"

"የኔንስ?"

"የለም እማ። ሞልቶ ነበር፣ ሳላይ ጠረግኩት። ሰውየውም ሄዷል።"

አላየችኝም። እንደ አዲስ መጪ ሄዳ ሴቶቹ መሐል፣ ልጇ ከሞተባት ሴት አጠገብ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ወራት ያላለቀሰችውን ጀመረች። ነጠላዋን አገልድማ ትወዛወዛለች። የፊት ጥርሱ የተደራረበው ልጄ አለች። ሲስቅ በእጁ የሚሸፍነው። የግራ ቅንድቡ መሐል የተቆረጠው፣ በሕፃንነቱ ከደረጃ ወድቆ። ጆሮው ሥር ጠቃጠቆ ያለው፣ ዓይኑ ብርሃን ሲያይ የሚጨፈን። ከግንባሩ ጀምራ እስከ አገጩ ድረስ ፊቱን አንድ በአንድ አወረደችው።

ከሼኾቹ አንዱ ድምፅ ቀንሺ ሊላት ቀና አለና ተወው። ሰፈርተኛው እርስ በርሱ ይተያያል። የነሱ ልጅ ጥርሱ የተደራረበ አልነበረም፤ በሞተሩ ላይ ያለውን ፎቶ አይቻለሁ፣ ድርድር ያለ ነው። የኩታበሯ ሴት ግን እናቴን ወደ ራሷ አስጠግታ ትከሻዋን ያዘቻት፣ እናቴ አንድ ባለች ቁጥርም ትመልስላታለች፣

"አዎ እህቴ፣ እንዲያ ነበር።"