አሰገደች የቀመሰችው ዳቦ

አሰገደች ከሊሙ ገነት ጅማ ከገባች ስምንት ወሯ ነበር፤ በስምንት ወር ያፈራችው ወዳጅ ሦስት ዶሮ ነው። ባሏ ፈለቀ የቡና መኪና ነጂ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ አሰንዳቦን አልፎ አዲስ አበባ ሲመላለስ ይከርማል። እሷ መንደራ ቆጪ ሰፈር በተከራዩት ቤት ቁጭ ብላ ከዶሮዎቹ ጋር ታወራለች። አንድ ቀን ጎረቤቷ ብርሃንነሽ በአጥር ሰማቻትና «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሳለ!» አለቻት። ስለ ፉርኖው ማኅበር የነገረቻትም ያን ቀን ነው።

ማኅበሩ ጽዋም ዕድርም አይደለም። አሥራ አንድ ሴቶች፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ በየቅዳሜው እማማ ዘይቡ ግቢ ተሰብስበው ዳቦ ይጋግራሉ፤ ሌላ ጉዳይ የላቸውም። ዳቦ እንዲህ ያሳብዳል ወይ ቢሉ፣ ያሳብዳል። አዲስ ገቢ እዚያው ፊታቸው አቡክታ ጋግራ ታቀርባለች፤ ከወደዱላት ከማኅበሩ እርሾ ያካፍሏታል፤ ካልወደዱ በሰላም ትሸኛለች። አሰገደች በሊሙ ገነት በዳቦዋ ስሟ የተጠራ ሴት ናት። ያም ሆኖ ከተሸኘች መመለሻዋ ዶሮዎቹ ዘንድ መሆኑን አልረሳችም።

ወሩ ጥር፣ ዘመኑ 1958 ዓ.ም.፣ ጊዜውም ረመዳን ነበር። ግቢው ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ፉርኖውን ነው፤ ጣልያን ሠርቶት የሄደ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት የጡብ ምድጃ፣ ጉድ የሚያሰኝ። ፍሙ ከተጠረገ በኋላ እማማ ዘይቡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው በፉርኖው አፍ ከተው ፋቲሃን፣ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ መቅራት ጀመሩ። ፋቲሃው ሳያልቅ ክንድ ካስወጣ ግለቱ በዝቷል ማለት ነው። ብርሃንነሽም በተራዋ ክንዷን ከታ አባታችን ሆይን ደገመች። ከዚያ ሁለቱ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሰገደች አፏን ከፍታ ቀረች፤ እሳት በጸሎት ሲለካ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም።

«ኮቱ ልጄ፣ ነይ» አሉ እማማ ዘይቡ ገበቴውን እያሳዩ። «አቡኪ።»

ያ ሁሉ ዓይን እጇ ላይ ሲያርፍ፣ ምን እንደጨመረች ምን እንዳልጨመረች እንጃ። ሊጡ ግን አላሳፈራትም፤ እንዲያውም ከልማዱ ቀድሞ ኩፍ አለ። ደስ አላት። እማማ ዘይቡ በጣታቸው ነካ አድርገው አዩትና፣ ጓዳ ደርሰው ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

ዳቦው ሲወጣ መልኩ ነጣ ብሏል፤ ሽታው ግን ልብ ይሰርቃል። አሰገደች በሰፌድ አቀረበችው። ከዚያም እናቷ ያስተማረቻትን አደረገች። ሰው ፊት ምግብ ሲቀርብ አቅራቢዋ አስቀድማ ትቀምሳለች፤ ወግ ነው። ከጠርዙ ቆንጥራ አፏ ከተተች።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አፏን አዩ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው። ከቀትር ጀምሮ በዚያ ሁሉ ወላፈን ፊት አንዲትም ሴት ውሃ አልቀመሰችም፤ አምስቱ ሙስሊሞች ጾመኞች ናቸው፣ ስድስቱ ክርስቲያኖች ግን ማን አዟቸው? በረመዳን አዛን ሳይል እዚህ ግቢ አፍ የሚከፈተው ለወሬ ብቻ ነው፤ ብርሃንነሽ ይህን ልትነግራት ረስታለች። ለጓደኛ ተብሎ እንዲህ ይጠማል ወይ! አሰገደች መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ሁለተኛው መከራ ደግሞ አፏ ውስጥ ነበር። ዳቦው ጨው የለውም፤ ለምልክት እንኳ።

«ከቀመስሽው አይቀር ንገሪና» አለች ፈድሊያ የምትባል ቀልደኛ። «እንዴት ነው? እኛ እንደሆን እስከ አዛን አናውቀው።»

«ጥሩ ነው» ብትል እስከ ምሽት ድረስ የማኅበሩ ሰው ነበረች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ጾማችሁን ደፈርኩ። ዳቦውም… ጨው ረስቻለሁ። አትብሉት።» ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

«ታኢ!» አሉ እማማ ዘይቡ፣ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። «ሳናፈጥር እንግዳ ከቤቴ አይወጣም።»

ተቀመጠች። ያን አንድ ሰዓት ቀና ብላ ያየችው ሰው የለም። አዛኑ ሲሰማ ሴቶቹ በተምርና በውሃ አፈጠሩ። ሰፌዱ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት፣ መልኩ ወርቅ የመሰለ የሌሎቹ ሴቶች ዳቦ ተደርድሯል። የእማማ ዘይቡ እጅ ያን ሁሉ አልፎ የነጣውን አነሣ። ቆራርሰውም መልሰው ሰፌዱ ላይ አኖሩት። ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ውስጡ ጨው ነበር።

«ጨው የሌለው ሊጥ ኩፍ ሊል ይሮጣል» አሉ። «ሲሮጥ አይቼው ነው የቋጠርኩት።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝም፣ እማማ?»

«ሌላ እስክታቦኪ ፉርኖው ይበርዳል። ጨው እንደሆነ በኋላም ይነካል።»

«አጃኢብ!» አለች ፈድሊያ ጨዉን በጣቷ ነካ አድርጋ እየቀመሰች።

አሰገደች የተፈታውን ቋጠሮ ታያለች። እሷ ገና ጥፋቷን ሳታውቅ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ፣ እኚህ ሴት ዳቦዋን ሊበሉላት ተሰናድተው ነበር። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና በሰፌዱ ላይ ያለውን የነጣ ዳቦ ቁራሽ ሳታስበው ቆጠረችው። ማኅበርተኞቹ አሥራ አንድ፣ ቁራሹ አሥራ ሁለት ነበር።