የተቀቀለችው ጽጌረዳ

እኛ በእንግሊዝ አገር የኤለንሾው ከተማ ሰዎች መጀመሪያ እንኮራለን፤ በምን እንደኮራን ኋላ እንፈልጋለን። ከሁላችን አብልጦ የኮራው ኤድጋር ታክሬይ ነበር፤ የሚኮራውም በወሰን ነው። ከከተማችን በስተምዕራብ አንዲት ጅረት አለች፣ በበጋ ዳክዬ እንኳ የማታረጥብ። ከጅረቷ ወዲህ የእኛ አውራጃ ዮርክሻየር፣ ዓርማው ነጭ ጽጌረዳ፤ ከጅረቷ ወዲያ ላንካሻየር፣ ዓርማው ቀይ ጽጌረዳ። ዝናቡ ያው፣ የሽመና ፋብሪካው ያው፣ ጭቃው ያው። ኤድጋር ግን የወዲያኛውን ጭቃ ገና ጫማዬን ሲነካው እለየዋለሁ ብሎ ይምል ነበር፤ እኛም ጅሎቹ እናምነው ነበር።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና መኪና ይጠግናል። ሰው የሚሆነው ቅዳሜ ነው። የኤለንሾው እግር ኳስ ክለብን ማሊያ የሚያጥበው እሱ ነው፤ ከእሱ በፊት አባቱ ያጥብ ነበር። ማሊያው ነጭ፣ ደረቱ ላይ ደግሞ ባለ አረንጓዴ ቅጠል ነጭ ጽጌረዳ። ነጭ በነጭ ላይ ሆነና ከሩቅ የሚታየው ቅጠሉ ብቻ ስለነበር ባላጋራዎቻችን «ጎመኖች» ይሉናል። አባቶቻችን ዓርማውን ሲመርጡ ይህን አላሰቡትም፤ እኛም ስሕተት መሆኑን ከማመን ጎመን መባልን መረጥን።

ሚስቱ ሂልዳ የወዲያ ልጅ ናት። የተወለደችው ማርልደን ነው፣ ጅረቷን ተሻግሮ በእግር የሚደረስበት ከተማ። በሠርጋቸው ቀን ድልድዩ ላይ ዝናብ ሲያበሰብሳት ኤድጋር «በይ እንግዲህ ተጠመቅሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ነሽ» አላት። ይህችኑ ቀልድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደጋገማት። ከተማውም ከእሱ አልተሻለም። በየጨዋታው ሜዳው ዳር ካለችው መስኮት ቆማ ሻይና በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የሥጋ ፓይ ስትሸጥልን «ያቺን ከወዲያ የመጣችውን አንድ ፓይ በላት» እንባባል ነበር። ስሟን እናውቃለን፤ መጥራቱ ግን ከበደን።

እ.ኤ.አ. በ1974 መንግሥት ወሰኑን ከጅረቷ አንሥቶ ከከተማችን ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ወሰደው፤ እኛም በአንድ ሌሊት የላንካሻየር ሆንን። ያደረገውም ኤፕሪል አንድ ቀን ነው፣ አገር ሁሉ በውሸት በሚሞኛኝበት ዕለት። በእኛ ዘንድ ይህ ቀልድ የሚፈቀደው እስከ ቀትር ብቻ ነውና ኤድጋር ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጦ ቀትርን ጠበቀ። ቀትር መጣ፤ አለፈም። «አሞኘናችሁ» ያለ አልተገኘም።

«ሂልዳ፣ በአገሬ ተኝቼ በሰው አገር ነቃሁ» አላት፣ ሬዲዮውን እየዘጋ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው የምነቃው» አለች ሂልዳ ድንች እየላጠች።

«የአንቺ ሌላ ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ሌላ ነው» አለችና መላጧን ቀጠለች።

በበጋው ክለቡ ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ሥጋ ሻጩ ክላረንስ ነው። «እንግዲህ የምንጫወተው በወዲያኞቹ ሊግ ነው፤ ጎረቤት ስለሆኑም የአውቶቡስ ወጪው ይቀንስልናል። ነጯን ይዘን ብንሄድ መሣቂያ እንሆናለን። ቀይ ጽጌረዳ ይሰፋ» አለ።

ኤድጋር ተነሣ። «ቀይ ጽጌረዳ በዚያ ደረት ላይ ከዋለች፣ እኔ በዚህ ሜዳ በር ሁለተኛ አልገባም!» አለ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ። እጃችን እስኪቃጠል አጨበጨብንለት። ከዚያ ያንኑ የተቃጠለ እጃችንን ለቀይዋ አወጣን።

ቤት ሲገባ ወሬው ቀድሞት ሂልዳ ጆሮ ደርሶ ነበር።

«እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ልትውል ነው?»

«ምያለሁ።»

«ከእኔ ጋር? ቀኑን ሙሉ?»

«ምያለሁ አልኩሽ እኮ!»

«እግዚአብሔር ያውጣኝ። ለማንኛውም ለእጥበቱ የክላረንስን አማች አስበዋል።»

ኤድጋር ፊቱ ተለዋወጠ። የክላረንስ አማች ካልሲ ሳይገለብጥ የሚያጥብ ሰው ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረና ጠዋት መሐላውን አንድ በአንድ መረመረው። የማለው በበሩ እንዳይገባ ነው፤ ስለ አጥሩ ያለው ነገር የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሊያውን ጆንያ ተሸክሞ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ልጆች ሳይከፍሉ በሚሾልኩበት የአጥር ቀዳዳ ይገባ ጀመር። ሆዱ ሲቀረቀር ከኋላ የምንገፋው እኛው ነን።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ነገሩን ግን አልተወውም። የመጀመሪያው ጨዋታ ከማርልደን ጋር ነበር፤ ከነሂልዳ ከተማ፣ ከጥንት ባላንጣችን ጋር። ቀያዮቹን ዓርማዎች በነጮቹ ማሊያዎች ላይ የሰፋችው ራሷ ሂልዳ ናት፤ ከተማው ውስጥ እንደ እሷ መርፌ የሚያውቅ አልነበረምና። ዓርብ አመሻሽ፣ ኤድጋር ከፋብሪካ እንደተመለሰ፣ ሂልዳ ፓዮቹን ልታመጣ ዳቦ ቤት ስትሄድ እሱ የልብስ መቀቀያውን በርሜል ለኮሰ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ቀይን በበረኪና ከቀቀሉት ነጭ ይሆናል፤ ቅዳሜ ቡድኑ በነጭ ጽጌረዳ ይገባል፤ ቢጠየቅ «እጥበት ነው፣ ምን ላድርግ» ይላል። ማሊያውን ሁሉ ጨመረ፣ በረኪናውን አንጠፈጠፈ፣ ጋዜጣውን ይዞ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን ከጨርቅ ጋር የኖረ ሰው፣ ቀለም እንደሚለቅ ሕፃን የሚያውቀውን ዘነጋ።

ክዳኑን ሲያነሣ በርሜሉ እንጆሪ የተቀቀለበት መሰለ። በእጁ ፈተገ፣ አለቀለቀ፣ ጸለየ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የለቀቀ ቀለምም አይመለስም። ጽጌረዳዋ ገርጥታ ሮዝ ሆነች፤ ማሊያውም ሮዝ፣ የኤድጋር እጅም እስከ ክንዱ ሮዝ። ሂልዳ ፓዮቹን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ትጮህብኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ቁጭ ብላ መሣቅ ጀመረች፤ ሥቃ ሥቃ መሐረብ ፈለገች።

«ይቺ ደግሞ የየት አውራጃ ናት?» አለችው።

ሌላ ማሊያ አልነበረም። ቅዳሜ ልጆቻችን አንገታቸውን ደፍተው በሮዝ ሲገቡ፣ ከማርልደን በኩል የተነሣው ሣቅ ኮረብታውን አናወጠው። ከሁሉ የሚጮኸው ከሰል ሻጩ ዋልተር ነበር። «ጎመኖች! ሙሽራዋን አምጥታችኋል፣ ሙሽራውስ የታለ?» ይላል። ኤድጋር እጁን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ መሬቱን ያያል። እውነት ለመናገር እኛም እየሣቅን ነበር።

ያን ጊዜ የሻይዋ መስኮት ጓ ብላ ተዘጋች። ሂልዳ የሻይ ጭልፋዋን እንደያዘች ሜዳውን ዳር ዳሩን አቋርጣ ዋልተር ፊት ቆመች።

«ዋልተር! አፍህን አትዘጋም?»

«እንዴ፣ ሂልዳ! አንቺ እኮ የእኛ ነሽ!»

«የእናንተስ ስሆን ነው የማውቅህ! ጎረቤታችሁ ሳለሁ አልጋ ስታረጥብ አንሶላህን ጅረት ወርጄ ያጠብኩት እኔ አይደለሁም? ስንት ዓመትህ እንደነበር ልንገራቸው ወይስ ትቀመጣለህ? አንተ ነህ ዛሬ የእኛን ልጆች በእጥበት የምትሰድበው?»

ዋልተር ተቀመጠ። የሜዳው ግማሽ በሣቅ ሞተ፤ የራሱ ሰዎችም ጭምር።

ኤድጋር ግን አልሣቀም። «የእኛን ልጆች» ስትል ሰምቷል። ሠላሳ ዓመት የእኛ ያላልናት ሴት፣ እኛ አንገት ስንደፋ የእኛ አለችን። ድንች እየላጠች ያለችው ቃል ያን ጊዜ ገባው። እሱ ለጥቂት ወራት ሰው አገር ነቃሁ ብሎ ምድርን አናውጧል፤ እሷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነቅታ ሻይ አፍልታለች። አፈረ። እዚያው እንደቆመ አለቀሰ፤ እንባውን በእጁ ሲያብስ ደግሞ ጉንጩ ሮዝ ሆነ።

አራት ለባዶ ተሸነፍን። ከጨዋታው በኋላ ክላረንስ «ማን ነው ይህን ያደረገ?» ብሎ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገውም፤ ሁላችንም የኤድጋርን እጅ እናይ ነበር። «አዲስ ማሊያ ይገዛል፤ ዓርማው ግን ነጭ ይሁን ቀይ?» አለ። «እንዳለች ትቅር» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀድሞ የወጣውም እጅ ያው ሮዙ እጅ ነበር። በዚህም የተነሣ እስከ ዛሬ ነጭ ማሊያ፣ ደረቱ ላይ ሮዝ ጽጌረዳ እንለብሳለን። ይህችኛዋ ቢያንስ ከሩቅ ትታያለች።

የዚያን ቀን ማታ ኤድጋር ካፖርቱን አወለቀ። በሠርጋቸው ሰሞን ሂልዳ የሰፋችለት ነጭ ጽጌረዳ ደረቱ ላይ ነበረች። በመቀስ ነቅሎ ከበርሜሉ የተረፈችውን ሮዝ ዓርማ ከካፖርቱ ጋር አቀበላት።

«ይህችን ስፊልኝ።»

«የመጀመሪያዋን ስሰፋልህ እኔ ማን ነበርኩ?»

«ከወዲያ የመጣሽ» አለ ኤድጋር ቀስ ብሎ። «ሂልዳ፣ በጣም ቆየሁብሽ።»

ሂልዳ መርፌና ክር አመጣችና በራሱ እጅ ላይ አኖረችለት። «እንግዲያው ይህችን አንተ ስፋት።»

መርፌ ይዞ አያውቅም። ሁለት ጣቱን ወጋ፣ ክሩን በጠሰ፣ ከመንግሥት እስከ በረኪና ሻጩ ሁሉንም ረገመ፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ መብራቱን ያዘችለት። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ጽጌረዳዋ ወደ ጎን ተጋድማ ነበር። «ልጠግንልህ» ያሉት ሴቶች ብዙ ናቸው። ኤድጋር ግን ላንዷም አልፈቀደም፤ እንደተጋደመች እስኪሞት ድረስ ለበሳት።