የወይዘሮ ሀቢባ የእንጨት መክተፊያ

ስለ ወይዘሮ ሀቢባ ሙሀመድዘይን በባሕር ዳር ብዙ ይወራል፤ የሚበዛውም የተዛባ ነው። እንጨት መክተፊያ ማሽኑን ባሕር ማዶ ሄደው ያመጡት ራሳቸው ናቸው የሚሉ አሉ፤ ወይዘሮ ሀቢባ ግን ከአዲስ አበባ አልፈው ሄደው አያውቁም። ማሽኑን ያዞረው ትራክተርም የራሳቸው ነበር ይባላል፤ የዘንዘልማ ገበሬዎች አምራች ማኅበር ንብረት ነበር። ጎረቤታቸው ስለ ነበርሁ፣ የሆነውንም ቆሜ ስላየሁ፣ ነገሩን እንደ ነበረ አሰፍረዋለሁ። ደስ የሚል ነገር በትክክል ሲነገር ደስታው አይቀንስም።

ወይዘሮ ሀቢባ የተወለዱት ወረታ፣ ከጨው ነጋዴ ቤት ነው። ባሕር ዳር የመጡት በሙሽርነት ሲሆን፣ ባላቸው ሲሞቱ የቀረላቸው አንድ የጨርቅ ሱቅ ነበር። ሱቁን ዘግተው በቦታው ዳቦ ቤት ሲከፍቱ ዘመድ ሁሉ ተቃወመ፤ ከሁሉ ይልቅ የተቃወመው ታናሽ ወንድማቸው ሙሀመድአወል ነበር፤ እሱ ራሱ ጨርቅ ነጋዴ ነበርና።

«ጨርቅ የማይለብስ ሰው አለ?» አላቸው።

«የለም፤ ግን የሚገዛው በዓመት አንድ ጊዜ ነው» አሉት። «ዳቦ የገዛ ሰው ነገ ይመለሳል።»

ረጅምና ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ሲናገሩ ይፈጥናሉ፤ ምድጃው እስኪጠፋ ድረስም ቁጭ ሲሉ ያየ ሰው የለም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ሠራተኛ፣ ከመምህራን ኮሌጁ ከፔዳ የሚመጣውን ተማሪና እኔን በእኩል ትዕግሥት ማጣት ያስተናግዱን ነበር። ዳቦው ግን እንከን አልነበረውም።

በ፲፱፻፹፫ ዓ.ም. መግቢያ ላይ የፉርኖው ነገር አሳሳቢ ሆነ። ፉርኖ የምንለው ዳቦ የሚጋገርበትን ትልቁን የጡብ ምድጃ ነው። የጭነት መኪኖች ወደ ጦር ግንባር ስለ ተወሰዱ ግንድ እንጨት ከሩቅ የሚያመጣ ጠፋ። የቀረው ሴቶች ከዓባይ ማዶ፣ ከዘንዘልማ በኩል በጀርባቸው የሚያመጡት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። ቅርንጫፍ ደግሞ በፉርኖው አፍ በወጉ አይገባም፤ የገባውም ቦግ ብሎ ይጠፋል። ዳቦው ከላይ አሮ ከውስጥ ሊጥ እንደ ሆነ ይወጣ ጀመር።

ወይዘሮ ሀቢባ መፍትሔውን ያገኙት በራሳቸው ሙከራ ነው። ቅርንጫፉን በመጥረቢያ አስከትፈው፣ ስንጥሩን በአካፋ እያስጨመሩ ቢያዩት፣ እሳቱ ረግቶና ተስተካክሎ ነደደ። ነገር ግን አንድ መጥረቢያ ለፉርኖ አይደርስም። በቀደመው ዓመት መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ለግል ነጋዴው በሩን ገርበብ አድርጎለት ነበርና፣ አዲስ አበባ ባለ አስመጪ በኩል በትራክተር ኃይል የሚሠራ የእንጨት መክተፊያ አዘዙ። ገበያው ላይ ከነበሩት ሁሉ ርካሹ ነበር።

ማሽኑ ሳይደርስ የከተማው የዱቄት ክፍል ሰው ቀድሞ ደረሰ። ያን ጊዜ ዱቄት ለዳቦ ቤቶች የሚታደለው በኮታ ነበር፤ የተሰጠውን በወጉ መጋገር ያልቻለ ኮታው ወደ ሌላ ይዛወርበታል። የመጣው ሰው ጓድ አምባቸው ይባላል፤ ወጣት፣ ትሑትና ከያዘው የማይመለስ። ከዳቦው አንዱን ገምሶ ሊጡን በጣቱ ነካ።

«እስከ ቅዳሜ ነው፣ ወይዘሮ ሀቢባ» አለ። «ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ዳቦ ካገኘሁ ኮታው ይነሣል። እኔም ባላደርገው ደስ ይለኝ ነበር።»

ኮታው ከተነሣ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነበር።

መክተፊያው የደረሰው በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው። ሐሙስ ጠዋት ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የእንጨት ማከማቻ ግቢያቸው ስሄድ ማሽኑ ከሣጥኑ ወጥቶ ቆሟል፤ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ቁመቱ የጥጃ ያህል። አሠራሩ ቀላል ነው። ከትራክተሩ ኋላ የሚሽከረከር ዘንግ ይወጣል፤ እሱ ከማሽኑ ዘንግ ጋር ይጋጠማል፤ ትራክተሩ ሲነሣ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው ከባድ የብረት ጎማ ይዞራል፤ በጎማው ላይ የታሰሩት ቢላዎችም በአፉ የገባውን እንጨት ይከትፋሉ። ርካሽነቱንም አልደበቀም። የአፉ ቆርቆሮ በእጅ ሲጫኑት ይጎደጉዳል፤ ሲመጣ ብሎኖቹ ላልተው፣ ግሪስ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ሁሉ ደርቆ ነበር። ወይዘሮ ሀቢባ ግን እስኪነጋ አልጠበቁም፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱን ብሎን ራሳቸው በቁልፍ አጥብቀው፣ የሚሽከረከረውን ሁሉ ግሪስ ቀብተው ጨርሰዋል።

«ላም ገዛሁ ብለሽኝ ጥጃ ነው እንዴ ያመጣሽው?» አለ ሙሀመድአወል ማሽኑን እየዞረ።

«ጥጃ ያድጋል። አንተ ነህ ባለህበት የቀረኸው።»

የመኸር እርሻ አብቅቶ ስለ ነበር የዘንዘልማው ገበሬዎች ማኅበር ትራክተሩን ከነአሽከርካሪው ለማዋስ ተስማምቷል። አሽከርካሪው አለበል ትራክተሩን እያስጓራ ሲገባ ግቢው በአንድ ጊዜ ሕይወት ዘራ። እንጨት ያመጡት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው መሄድ ሲገባቸው፣ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተኮልኩለው ቀሩ። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ገባ። እኔም፣ በዕድሜዬ የማይገባ ቢሆንም፣ ከፊት ለፊት ቦታ ያዝሁ።

አለበል ሞተሩን አስነሥቶ ዘንጉን አገናኘ። ማሽኑ መጀመሪያ አቃሰተ፤ ቀጥሎ አጉረመረመ፤ ከዚያም ድምፁ እየቀጠነና እየበረታ ሄዶ መሬቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሠራተኞቹ የመጀመሪያውን እስር ቅርንጫፍ ወደ አፉ ጣሉት። ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ዋጠው፤ በማዶ በኩል ነጭ ስንጥር እንደ በረዶ ተረጨ። የባሕር ዛፍ ሽታ ግቢውን ሞላው። ሰዉ በጭብጨባ አናወጠው፤ ሁለተኛው እስር ገባ፤ ሦስተኛው ገባ፤ ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ጎማው እየዘገየ ሄዶ ቆመ።

የተሰበረው ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዝ አንድ ቀጭን ብሎን ነበር። መለዋወጫው በትንሽ ከረጢት አብሮ መጥቷልና ተተካ። እንደገና ተነሣ፤ እንደገና ስንጥሩ ተረጨ፤ እንደገና ብሎኑ ተሰበረ። እንዲህ እየተባለ ቀኑ ወደ እኩሌታው ሲጠጋ በከረጢቱ ውስጥ የቀረው ብሎን አንድ ብቻ ሆነ።

«እትዬ ሀቢባ፣ ይህ ብሎን አይባልም» አለ አለበል። «ከግንበኞች ዘንድ ቁራጭ ፌሮ ብረት ላምጣና በቦታው ልምታበት። ከዚያ በኋላ ማን ይሰብረዋል?»

«እሱ ካልተሰበረ ሌላ ምን እንደሚሰበር አስበሃል?»

«ምን ይሰበራል?»

«የትራክተርህ ወገብ።»

አለበል ዞር ብሎ ትራክተሩን አየው። የፌሮውን ነገር ዳግመኛ አላነሣም።

«ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው» አለ ሙሀመድአወል፤ አሁን አልቀለደም። «ይህን ለቁራሌው ስጪና ወደ ጨርቁ ንግድ እንመለስ። ቦታ አለኝ፤ አብረን እንሠራለን።»

ወይዘሮ ሀቢባ ወደ ማሽኑ ዞሩ። «ሞተሩን አጥፋ» አሉና አለበልን፣ የማሽኑን ክዳን በቁልፍ ፈትተው አነሡት። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ኑ እዩት!»

የጎማው ዘንግ በእርጥብ የባሕር ዛፍ ልጥ ዙሪያውን ተጠቅልሎ፣ ፈትል እንደ ሞላ እንዝርት ወፍሯል። መዞሪያ ቦታ አጥቶ የሚታነቀው በዚህ ነበር።

ልጡ ከየት እንደ መጣ ለማስረዳት አንድ ልማድ መናገር ግድ ነው። በአካባቢያችን እንጨት የሚሸጡ ሴቶች ሸክማቸውን ከትናንሽ እስሮች ይሠራሉ፤ እያንዳንዱን እስር በልጥ ጠፍረው ያስሩታል። የገዛ ሰው እስሩን በሻጯ ፊት አይፈታም። መፍታት «መሐሉን በማይረባ ነገር ሞልተሽዋል» ብሎ እንደ መስደብ ይቆጠራል። ሴቶቹ ደግሞ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ሠራተኞቹ ጨዋዎች ነበሩና ማለዳውን ሙሉ እያንዳንዱን እስር ከነልጡ ለማሽኑ ሲያጎርሱ ዋሉ።

ወይዘሮ ሀቢባ በደስታቸው ይህን ሁሉ ረሱት። ቢላ ይዘው ወደ ክምሩ ሄደው የመጀመሪያውን ልጥ ቆረጡ።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?» የሴቶቹ አለቃ የምትባለው አገርነሽ ብድግ አለች።

«እስሩን እየፈታሁ ነው፤ ማሽኑ እኮ…»

«በፊታችን? ሌቦች ነን?»

ሴቶቹ አንድ ላይ ተነሡ። የእንጨት መንገዱ በእነሱ እጅ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም፤ እነሱ ካኮረፉ ማሽኑ ቢሠራም የሚከትፈው አይኖረውም።

«እናንተን ጠርጥሬ አይደለም፣ አገርነሽ። ማሽኑን ያነቀው ልጡ ነው።»

«ልጥ ብረት ያንቃል? እኔን ስንት ዘመን በደረቴ አስሬው መቼ አነቀኝ?»

«አንቺ አትሽከረከሪማ» አለ ሙሀመድአወል።

ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አገርነሽ ግን አልሳቀችም። የተቆረጠውን አንሥታ ለወይዘሮ ሀቢባ አሳየቻቸው። «ደግሞ እዪው፣ ልጤን ቆረጥሽው። ነገ በምን ላስር? ዛፍ የላጠ እንደሚታሰር አታውቂም?»

ወይዘሮ ሀቢባ ቢላውን ጣሉት። 

«እውነትሽን ነው» አሉ። «እኔ እንጨት ነው የገዛሁ፤ ልጥ አልገዛሁም። ልጡ የናንተ ነው። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን እስር በእጃችሁ ፍቱና ልጣችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የኔ ሰዎች አይነኩትም።»

ሻጯ ራሷ ስትፈታው ስድብነቱ ይቀራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። አገርነሽ ጥቂት አሰበች፤ ከዚያም ተንበርክካ የራሷን እስር ፈታች። ከቅርንጫፎቹ መሐል አንድ ትልቅ፣ ውኃ የጠጣ የዛፍ ሥር ዱብ አለ።

ዓይን ሁሉ በሥሩ ላይ አረፈ።

«ይህስ?» አለ ሙሀመድአወል። «ቅርንጫፍ ላይ ሥር በቀለ?»

«ዓባይ ድልድይ ላይ ነፋስ አለ» አለች አገርነሽ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «እንዳይወስደኝ ብዬ ለክብደት የጨመርሁት ነው።»

ሳቁ ሐይቁን የሚሻገር መሰለኝ። ወይዘሮ ሀቢባ ራሳቸው ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። በሳቁ ሽፋን ሌሎቹ ሴቶች የየራሳቸውን እስር እየፈቱ፣ ለነፋስ የጨመሩትን ሁሉ ፈጥነው ወደ ጎን ሲጥሉ አየሁ፤ ማን ምን እንደ ጣለ ግን አልተናገርሁም፤ አሁንም አልናገርም።

ዘንጉ ከልጡ ጸዳ፤ የመጨረሻው ብሎን ገባ። አለበል ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት አማተበ፤ ወይዘሮ ሀቢባ «ቢስሚላህ» አሉ። ማሽኑ አቃሰተ፣ አጉረመረመ፣ ጮኸ። ልቅ ቅርንጫፍ በክንድ በክንድ ገባለት። አንድ እስር የሚያህል፣ ዐሥር የሚያህል፣ የአንድ ሴት ሸክም ሁሉ አለፈ፤ ብሎኑ ግን አልተሰበረም። ሴቶቹ ልጣቸውን በትከሻቸው ጥለው ቅርንጫፉን ራሳቸው ያቀብሉ ጀመር። አገርነሽ በየመሐሉ «ጨምሩለት፣ አልጠገበም!» ትላለች። የስንጥሩ ክምር ከሰው ጉልበት አልፎ ወገብ ደረሰ። ሙሀመድአወል በጨርቅ ነጋዴ ንጹሕ ልብሱ ክምሩን በአካፋ ሲያስተካክል፣ ጢሙ ላይ ስንጥር ተሰክቶ፣ የቀትሩ የዙሁር ሰላት እንደ ደረሰ የሚነግረው ሰው አስፈለገው።

ዓርብንም እንዲሁ ዋሉ። ቅርንጫፉ አስቀድሞ የደረቀ ስለ ነበር ስንጥሩ በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ በጋሪ ተጋዘ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓድ አምባቸው ሲመጣ ፉርኖው እንደ ፀሐይ ፍም ሆኖ ነበር። በየዙሩ የሚወጣው ዳቦ አንድ ዓይነት መልክ ነበረው። እሱም በጠዋት አንዱን ገመሰ፤ ከቀትር በኋላ ተመልሶ አንዱን ገመሰ፤ ወደ ማምሻው ሦስተኛውን ገመሰ። ሊጥ የለም። ከአካፋው ላይ ጥቂት ስንጥር አንሥቶ በመዳፉ አገላበጠ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እንጨት ነው፤ ታኝኮ መጥቶ ነው» አሉት።

ጓድ አምባቸው የገመሰውን ዳቦ እያሰበ በላው፤ ጨረሰውም። «ኮታው አይነሣም» አለ፤ ትሕትናው ደስታውን መሸፈን አልቻለም። ከዚያም እጁን ወደ ትኩሱ ዳቦ እንደ ገና ዘረጋ። «ለቤቴም አንድ ሁለት ልግዛ።»

ወይዘሮ ሀቢባ እጁን በአካፋው እጀታ ቀስ አድርገው መለሱት።

«በደስታ፣ ጓድ። ሰልፉ ከውጭ ነው።»

ወጥቶ ተሰለፈ። ሰልፉ እስከ ጎዳናው ማጠፊያ ይደርስ ነበር።