በትክክል የተጻፈው ደብዳቤ

የዚያን ዓመት ክረምት ሳስታውስ ቀድሞ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የባልዲ ድምፅ ነው። የቢሯችን ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ጠብ፣ ጠብ። መዝገቦቼ ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸቱ ነበር። ደረቅ የነበረው የኢሜይሉ ትልቅ ማሽን ያለበት ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ብርዱ ሲጠናብኝ እዚያ እገባና ከማሽኑ ጀርባ በሚወጣው ሙቀት እጄን አሞቃለሁ።

የማሽኑ ኃላፊ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። «ወንፊቱ» እንለዋለን። ለመሥሪያ ቤቱ የሚመጣውን ኢሜይል አበጥሮ ደህናውን የሚያስገባ፣ የአጭበርባሪውን የሚጥል እሱ ነዋ! እኔን ደግሞ መዝገብ ቤት ስለምሠራ «እትዬ መዝገብ» ይለኛል።

የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። የእናቱ አንድ ዓይን ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም እየደበዘዘ ነበር። በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጡ የዓይን ሐኪሞች ዘንድ አስመዝግቧት ተራዋን ይጠብቃል። እሷ ኢሜይል ከየት ታመጣለች? የሰጠላት የራሱን የቢሮ አድራሻ ነው።

በዚያው ክረምት «ዕጣ ወጥቶልዎታል» የሚል የሌባ ደብዳቤ እንደ ጎርፍ ወረደብን። ሥራ አስኪያጃችን አንዱን ከፍተው ኮምፒውተራቸው ሽባ ሆኖ ቀረ። ያኔ ወንፊቱ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ መዝገብ፣ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል የሚያነቡት እርስዎ ነዎት። ሌቦቹ የሚደጋግሙትን ቃል ይጻፉልኝና ማሽኑ ያንን እየፈለገ ይያዝልኝ።»

ጻፍኩለት። ከሁሉ የሚበዛው «እንኩዋን ደስ ዓለዎት» የሚል ነበር፤ እንዲሁ እንደተንጋደደ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል ግን ተቆንጥጬ ነው የቆጠርኩት። የሌባን ስሕተት በእጄ መድገም አሳፈረኝና፣ አርሜ «እንኳን ደስ አለዎት» ብዬ፣ ሌላውንም እንዲሁ አቃንቼ፣ አሳምሬ ሰጠሁት። እሱም እንዳለ ገለበጠው። ማሽን እንደ ሰው አይገምትም፣ ፊደሉ ካልገጠመ አያውቀውም፤ ይህን ማን ነገረኝ?

የሌባው ደብዳቤ አልቆም አለ።

«ምነው፣ ወንፊትህ ተቀደደ እንዴ?» አሉት ሥራ አስኪያጁ ሰው ፊት።

«እያየሁት ነው፣ ጋሼ።»

«አንተ ታያለህ፣ እነሱ ይገባሉ!»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። እሱ ማሽኑን አጠፋ አበራ፣ የማጣሪያውን ደንብ አጠበቀ፣ አላላ፤ ወይ ፍንክች። ማሽኑ የተጠረጠረ ደብዳቤ ሁሉ ለወር የሚቀመጥበት ማቆያ ነበረው። ሠራተኛው ከዚያ እያወጣ የሚከፍት መሰለውና፣ የተያዘው ሁሉ እዚያው እንዲጠፋ አደረገ።

አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለለት። «የምን ደብዳቤ? አልደረሰኝም እኮ!» ሲል ሰማሁት። ሐኪም ቤቱ ነበር። የእናቱ ተራ መድረሱን ለጻፉበት ደብዳቤ መልስ ቢያጡ ተራውን ለሌላ ሰጥተውታል፤ ሐኪሞቹም በማግሥቱ ይሄዳሉ።

ማሽኑ የጣላቸውን የሚያሰፍርበትን ዝርዝር ከፈተ። ደብዳቤው የለም፤ የላኪው ስም፣ ቀኑና የተጣለበት ምክንያት ብቻ ነው የቀረው። ላኪ፣ ሐኪም ቤቱ። ምክንያት፣ «እንኳን ደስ አለዎት»። አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ። ከሌቦቹ አንድም ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።

ወረቀቴን ከመሳቢያው አውጥቶ ከስክሪኑ ጋር ሲያስተያይ ጠጋ አልኩት።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ…»

«እርስዎ ምን አጠፉ፣ እትዬ? በትክክል ነው የጻፉት።»

ምነው በሰደበኝ! መልሶ ደወለ፤ ሄዶ በራቸው ላይ ቆሞ ለመነ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስ። ከሥራ በተመለሰ ቁጥር እናቱ «ተራዬ ደረሰ ወይ?» ትለዋለች፤ እሱም «ገና ነው፣ እማዬ» ይላታል። ሐኪሞቹ በዓመቱ ሲመጡ የሚታከም ዓይን አልቀረም።

ሥራውን ለቀቀ። መጨረሻ እንደሰማሁት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ እየተየበ ይኖራል፤ እናቱም አጠገቡ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች።