ሁለት ጣት ቀለም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ሊያጽናናኝ ለመጣ ሰው ሁሉ አልተናገርኩም። አሁን ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ወንድሜን ሰይድን አታለልኩት። እኔ ነኝ። አንድ ቁጥር ቀይሬ አታለልኩት።

ሰይድ ካርቱም፣ ባሕሪ በሚባለው አካባቢ መካኒክ ነበር። ከወሎ አምጥቶ እዚያው ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር እያኖረ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ሰፈራችን ያለ የኅትመትና የኮምፒዩተር ሱቅ ተቀጠርኩ። ከዚያ ሰይድን ጉበቱን አመመው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው፤ በየሁለት ወሩ ደሙ ውስጥ ያለውን ቫይረስ እንዲያስቆጥር አዘዘውና ለስድስት ወር ቀጠረው። «ቁጥሩ ቀድሞ ከዘለለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ» አለን። ውጤቱን ከላቦራቶሪ የምቀበለው እኔ ነበርኩ።

«እኔ ዜሮ ሲበዛ ዓይኔ ይፈዛል» አለኝ ሰይድ። «አንተ የተማርከው፣ በሥዕል አድርግልኝ።»

አደረግኩለት። ቁጥሩ ከሺህ ወደ ሚሊዮን ሊዘል ስለሚችል ሎጋሪዝም የሚባለውን መለኪያ ተጠቀምኩ። እያንዳንዱ መስመር ከበታቹ ካለው ዐሥር እጥፍ ነው። በዚህ መለኪያ ዜሮ የለም፤ የፈለግከውን ያህል ብትወርድ አትደርስበትም። ስለዚህ ቀለሙ ከየት ቁጥር ተነሥቶ እንደሚሞላ ሠሪው ራሱ ይመርጣል። ወለሉን የሚመርጠው ሰው ነው። እኔ ዐሥርን መረጥኩ፤ የወረቀቱ ግርጌ ላይ ያለውን። ቀዩ ቀለም ከግርጌ ተነሥቶ የመጀመሪያው ውጤት ድረስ ቆመ። ሰይድ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ግሪስ በነካው እጁ ለካው። ግማሽ ስንዝር ነበር።

«ስማ አንተ ልጅ» አለኝ። «ይሄ ስንዝር የሞላ ቀን ጋራዡን ትቼ በገዳሪፍ ድንበር በኩል ወሎ፣ እናቴ ጋ ነኝ። ሰው አገር አልቀበርም፣ ወላሂ። አንተ እዚህ ባለ ሦስት እግሩን ረክሻ ነድተህ ትበላለህ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሁለተኛው ውጤት ትንሽ ከፍ አለ። ሦስተኛውን የተቀበልኩ ቀን ግን ወረቀቱን እዚያው በር ላይ ከፍቼ አነበብኩት። ሁለት ሚሊዮን። ሱቅ ገብቼ ሣልኩት። እጄን ዘረጋሁበት። ስንዝሬ አልበቃውም።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሮጬ ባሕሪ መሄድ ነበረብኝ። ሐኪሙ ጋ ይዤው መሄድ ነበረብኝ። ይህን አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ? አውቅ ነበር። ያሰብኩት ግን ባዶውን ቤት ነው። እሱ ሲሄድ ብቻዬን የምተኛበትን ክፍል ነው ያሰብኩት። እሱ ሞትን ሲፈራ፣ እኔ ብቸኝነትን ፈራሁ።

ከወለሉ ላይ ዐሥርን አጠፋሁ። መቶ ሺህ ብዬ ጻፍኩ።

ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አልነካሁም። ውጤቶቹ እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው። ቀለሙ ግን ከግርጌ መነሣቱን ትቶ ከወረቀቱ መሐል ተነሣ። የፊተኞቹ ሁለት ውጤቶች ከመቶ ሺሁ መስመር በታች ተንጠለጠሉ፤ ሁለት ሚሊዮኑ ከመስመሩ በላይ ጥቂት ብቅ አለ። አትሜ የድሮውን ቀድጄ ይህን ለጠፍኩ።

ሰይድ ከሥራ መጥቶ አየው። «ይሄ ከታች እንደ ፍየል ጢም የተንጠለጠለው ምንድን ነው?»

«የወረደልህ ነው» አልኩት። «አዲስ አሠራር ነው።»

ከመስመሩ በላይ ያለውን ለካ። «ሁለት ጣት! አልሐምዱሊላህ!» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንተን ባላስተምር ማን ይነግረኝ ነበር?»

አመሰገነኝ። ይታያችሁ፣ አመሰገነኝ። በማግሥቱ ወደ ጋራዡ ሄደ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ አበጠ። ሆስፒታል ስወስደው ለመንገድ የሚሆን አቅም አልነበረውም። እናቴ ጋ ውሰደኝ አለኝ። ኢንሻአላህ አልኩት። የቀበርነው እዚሁ ካርቱም ነው። እስከ መጨረሻው ቀን ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እያየ «ሁለት ጣት ብቻ ነበር እኮ» ይል ነበር። በሽታው በድንገት የያዘው መስሎት ሞተ።

እናቴ ስልክ ላይ አብሽር አለችኝ። እሷ እኔን! «አብሽር ልጄ፣ አይዞህ። ቢያውቅ ኖሮ ይመጣልኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነው። ቢያውቅ ኖሮ። ቁጥሩን አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ምን ዋጋ አለው? የሚያየው ቀለሙን እንደሆነ አውቅ ነበር። ቀድሞ ቢታከም ይድን ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ «ምናልባት» አለኝ። ወደ እናቱ መሄድ ግን ይችል ነበር። ያን ጊዜ እግሩ ጠንካራ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሱቅ ውስጥ መቶ ሺህን አጥፍቼ ዐሥርን መልሼ ጻፍኩ። ቀዩ ከግርጌ ተነሥቶ ወጣ። አትሜ ግድግዳው ላይ ከነበረው ጋር አጣጠፍኩት።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ቀለም ግን ታያለች። ሁለቱን ወረቀት ይዤ ወሎ እሄዳለሁ፤ እፊቷ ዘርግቼ እጇን እንደ እሱ እንድትዘረጋ እነግራታለሁ። ልጅ ነበርኩ አልላትም። ፈርቼ ነው አልላትም። ሰይድ ያየው ይህን ነው፣ እኔ የደበቅኩት ይህን ነው እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ይቅር ብትለኝም ባትለኝም ያው ነው፤ እሱ ወደ እናቱ ሊሄድበት የነበረውን መንገድ የምሄደው እኔ ነኝ።