ከበራፌ ውጭ

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ለሰው ምክር ነው፤ ምክር ደግሞ ልጅ አይጠብቅም።

ጀርመን አገር፣ ጊንሃይም በሚባል ሰፈር፣ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ፣ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ትኖር ነበር። ወታደር ባሏን ተከትላ መጣች፤ እሱ ሄደ፣ እሷና ሴት ልጇ ቀሩ። አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት ትሠራለች። የሕንጻችን ሐበሾች ግን ድሃ አሜሪካዊት ትኖራለች ብለን ማመን አልቻልንም። ዲቪ በተከፈተ ቁጥር ሴቶቹ እኔን ይልኩኛል፦ "ጋሼ፣ እስቲ ንገርልኝ፣ ትሙላልኝ።"

ከሥራ እየተመለሰች ለስንቱ ሞላች። አንዴ፣ "እናቴን በሁለት ሥራ የጨረሳትን አገር ነው የምትመኙት" አለችኝ። ሳቅሁ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ስለሆነም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ባለፈው መኸር ፈረቃዋ ወደ ንጋት ተዛወረ። የአምስት ዓመት ልጇ የምትውልበት ኪታ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ በሩን የሚከፍተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። መጥታ አንኳኳች።

"ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ብቻ ጠብቅልኝ፤ ፈረቃዬን እስኪቀይሩልኝ። ስወጣ መብራትህ ሁልጊዜ በርቶ አየዋለሁ።"

እውነቷን ነው፤ በዚያ ሰዓት አነባለሁ። ስለ ድሆችም ጭምር። "ላስብበት" አልኳት። ለሴቶቹ ነገርኩ፤ ሁሉም አዘኑላት። አንዷ ምስር ወጥ ላከች፣ ሌላዋ እጸልይላታለሁ አለች። እኔ የትኛው ቢሮ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ መያዝ እንዳለባት መከርኳት። ቴርሚኑ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነበር።

እስከዚያው ልጅቷን አስተኝታ መሄድ ጀመረች። አንድ ማለዳ ጋዜጣ ላመጣ በሬን ስከፍት፣ ልጅቷ በፒጃማ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

"እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?"

በጀርመንኛ መለሰችልኝ፦ "እማማ፣ ከፈራሽ የላይኛው ሰውዬ በር ላይ ተቀመጪ ብላኛለች። ግን እንዳታንኳኪ፣ እያነበበ ነው ብላለች።"

ስንት ቀን እንደተቀመጠች አልጠየቅኋትም። አስገባኋት፤ እግሯ በረዶ ነበር። እናትየዋ ያን ዕለት ልጅቷ በእርግጥ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች ስትሰማ ሥራውን ለቀቀች። ከወር በኋላ ልጇን ይዛ አሜሪካ፣ እህቷ ሳሎን ውስጥ ልታድር ሄደች።

"ታድላ!" አሉ ሴቶቹ።

አሁንም በንጋት አነባለሁ፤ ግን በሩን ከፍቼ አያለሁ። ደረጃው ባዶ ነው።

አጠገባችሁ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት ካለች፣ ምክራችሁን ለራሳችሁ አቆዩት። ዛሬ በሯን አንኳኩና "በስንት ሰዓት ልምጣ?" በሏት። ባለችው ሰዓትም ተገኙ።