ጉማሬ የገለበጣት የአባያ ዳር ጎጆዬ

ሙሽሮቹ ደህና ናቸው፣ ጎጆዬም አልፈረሰችም፤ ጌታ ይመስገን። አሁን እንዴት ዋላችሁ ልበላችሁ።

ዛሬ ንጋት ላይ አንድ ጉማሬ ከአባያ ሐይቅ ወጥቶ፣ ሁለቱ ሙሽሮች እንግዶቼ የተኙባትን፣ ለጎብኚ የማከራያትን የሣር ጎጆ በግንባሩ ይመታት ጀመር። በሩን በጥርሱ ገነጠለው። እኔ ድስት እየደበደብኩ ወጣሁ፤ ዞር ብሎም አላየኝ።

ጎጆዋ በጎኗ ወደቀች። በእንሰት ቃጫ የታሰረ ቀርከሃ ስለሆነች ግን እንደ ቅርጫት ተገለበጠች እንጂ አልተሰበረችም። (የምኮራበት የብሎኬት ሽንት ቤቴ ግን ዱቄት ሆኗል።)

የመንደሩ ሰዎች በጦር ተረባረቡበት። ትከሻው ላይ ሁለት ጦር እንደተሰካ፣ አሸዋውን በደም እያጨቀየ ወደ ውሃው ተመለሰ።

ሙሽሮቹን ከሣሩ ሥር ስናወጣ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ዳና "አንቺ ሴትዮ፣ የጉማሬ መንገድ ላይ አትሥሪ ብዬሽ አልነበር?" አሉኝ።

ሙሽራው ግን ሚስቱን እንዳቀፈ፣ "ለጎጆዋ ቦታ ቀይሩላት እንጂ አታፍርሷት። ያተረፈችን እሷ ናት" አለ።

ስለዚህ እንደ አባቶቻችን ጎጆዋን እንዳለች በትከሻ ተሸክመን ኮረብታው ላይ እናወጣታለን። ቤት ተሸክማችሁ የምታውቁ እስቲ እንዴት እንደነበር ጻፉልኝ። ትከሻ ያለው ይሸከማል፣ የሌለው ይዘፍናል፤ ምግቡ በእኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁም ኑ።